ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት፤ አፍ ባልፈታንበት ቋንቋ የማንበብ ታሪክ

በሁለተኛ ቋንቋ ስለ ማንበብ በአገራችን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚጀመረው ከእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊው ተማሪ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ማንበብ የጀመረው ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ፣ በደብሩ ዐጸድ ሥር፣ በግዕዝ ነበር። ግዕዝ ከዕለት ንግግር ወጥቶ የጽሕፈትና የጸሎት ቋንቋ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ሁሉ የሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ ነበር ለማለት ይቻላል።

ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል። ፊደላቱን እየነጠለ ይቆጥርና ያንኑ ገጽ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። የኔታ የሚያርሙት ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አይደለም፤ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ መለየት አለበት። ይህን ባዶ ጩኸት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ግሥ በአብዛኛው በተነሽ ስለሚነበብ፣ የልጁ ጆሮ ግሥን ከስም የሚለየው ልቡናው ትርጉሙን ሳይደርስበት ነው።

ከዚያ ወንጌሉ፣ ከወንጌሉም 150ው የዳዊት መዝሙር ይከተላል። በዚህ ጊዜ ተማሪውን የሚያተጋው ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሐሳብ አልነበረም። ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ኩራት ነው፤ ለጎረቤት ደብዳቤ ያነባል፤ ለክህነትም መንገድ ይከፈትለታል። ብዙዎቹም ከዚሁ ላይ ቆመዋል። ጠዋት ጠዋት መዝሙሩን ሳያቋርጡ እየደገሙ፣ የደገሙትን ግን በከፊል እንጂ ሳይረዱ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አባቶች ጥቂት አይደሉም።

የቀጠለው ግን ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ ይሰደዳል። እዚያ የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። ግሡን ያጠናል፤ ወዲያውም ቅኔ እንዲቆጥር ይታዘዛል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እያደገም ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ሰሙንና ወርቁን ለመግጠም ሲል ቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዳዊት እየመላለሰ ይመረምራል። ያን ጊዜ የሚያነበው ሊጠቀምበት ስለሆነ ትርጉሙ ግድ ይሆንበታል። በእኔ ግምት የአሮጌው ትምህርት ትልቁ ብልኀት ይህ ነው፤ ከቃል ጥናቱ ይልቅ ቃል ጥናቱ የሚፈታበትን ቤት ማዘጋጀቱ።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1925 ሲከፈቱ የባዕድ ቋንቋ ትምህርት አዲስ መልክ ያዘ። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ፤ በ1960ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ተማሪው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ተደረገ። መምህሩ ሲያነብ ተከትሎ በአንድ ድምፅ ማስተጋባት፣ ገጹን በቃል መያዝ፣ ይህ ሁሉ ከንባብ ቤት ተሻግሮ መጣ። መትጊያውም ቢሆን የዳዊቱ ዘመድ ነው፦ ፈተና፣ የምስክር ወረቀት፣ የመንግሥት ሥራ።

ቅኔ ቤቱ ግን አብሮ አልተሻገረም። የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ስለ ዝናብና ስለ አፈር ያነበበውን በራሱ ሁለት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንዲገጥም፣ ገጥሞም ለመምህሩ ቆሞ እንዲነግር የሚጠየቅበት ሰዓት በመርሐ ግብሩ ላይ ብዙ ጊዜ ስፍራ አላገኘም። የኔታ ለአንድ ጉባኤ ቃና ይሰጡት የነበረውን ጊዜ፣ ከሃምሳ በላይ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ በአርባ ደቂቃ ማን ይሰጠዋል?