ሳንጠይቃቸው የሄዱት መምህር

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ባለፈው ጥር በዚያ ሰልፍ ከፊቴ የቆመችው የጎረቤቴ ልጅ ከህንድ ከተመለሰች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር። ዮጋ ልትማር ሄዳ ማይሶር ከተማ አንድ ወር ከርማለች። እናቷ ጉዞውን አልወደዱትም፤ “ለመቀመጥና ለመተንፈስ ባሕር ይሻገራል?” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ስለ ዮጋው ጠየቅኋት፤ እሷ ግን ስላረፈችበት ቤት እመቤት ነገረችኝ። ጊዜው የገና ጾም ነበር። ቤቱ ሥጋ የማይገባበት በመሆኑ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ግን ሴትዮዋ በትኩሱ ሩዝ ላይ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ሊያፈሱላት መጡ። ቱፓ ይሉታል። ልጅቷ ሳህኗን በመዳፏ ከደነችው። ሴትዮዋ ቅር አላቸው፤ ቅቤውን ለእንግዳ ክብር ብለው ያመጡት ነውና። እንግሊዝኛ የምትችለው ልጃቸው መሐል ገብታ የጾሙን ነገር ስታስረዳቸው ፊታቸው ተፈታ። ከማግሥቱ ጀምሮ የእሷ ወጥ በኮኮናት ዘይት ለብቻው ይሠራ ጀመር። ዶሳ ለሚሉት እንጀራ መሰል ምግብ የተዘፈዘፈው ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ አድሮ፣ ጠዋት ኩፍ ብሎ አረፋውን ስታይ የእናቷ ቡሃቃ ትዝ እንዳላት ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ታክሲው መጣና ተለያየን። ቀኑን ሙሉ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ይህች ልጅ በአንድ ወር ያገኘችውን እኛ ህንዶች መንደራችን ድረስ መጥተው ለዓመታት ሲያስተምሩን አላገኘነውም።

የሒሳብ መምህሬ ህንዳዊ ነበሩ። ነጭ ሸሚዛቸው እጅጌው ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋውም። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ስሠራ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ራሳቸውን ወደ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አደረጉ። ተሳሳትሁ ብዬ ዳስተር አንሥቼ ሁሉንም አጠፋሁት። መልሱ ግን ትክክል ነበር። በአገራቸው ያ የራስ ውዝዋዜ “እሺ፣ ቀጥል” ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከየትኛው ከተማ እንደመጡ፣ ልጆች ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም። አንድ ክረምት ሄዱ፤ አልተመለሱም።

የሁለቱ አገሮች ትውውቅ ግን የቅርብ ጊዜ አይደለም። ደብረ ዳሞ ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስቀረጹዋቸው ናቸው። የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ነጋዴም የህንድን ጠረፍ ያውቀው ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ታሪክ ግን መራራ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ህንድን ያየው በፈቃዱ ሳይሆን ተሽጦ ነውና።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ከእኛ ምድር የተወለደው ማሊክ አምባር ነው። በልጅነቱ ተሸጠ፤ ከቀይ ባሕር ወደ ባግዳድ፣ ከባግዳድ ወደ ደቡብ ህንድ ደጋ፣ ወደ ደካን ተወሰደ። የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ሹም ጨንጊዝ ኻን ራሱም ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነጻ የወጣው አምባር ጦር አደራጀ፤ ከ1600 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1626 ድረስ በእንደራሴነት መንግሥቱን አስተዳደረ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሞጉሎች ግዙፍ ሠራዊት በሽምቅ ውጊያ እያደከመ መለሰ። የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ሊያሸንፈው ስላልቻለ፣ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አስሏል። አምባር በ1610 የቆረቆራት ኻድኪ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ በመሬት ውስጥ ቦይ ውሃ ያስገባላትም እሱ ነው። በአሕመዳባድ ከተማም ሲዲ ሰኢድ የተባለ ሐበሻ በ1570ዎቹ ያሠራው መስጊድ፣ እንደ ዳንቴል በተፈለፈለ የድንጋይ መስኮቱ ዛሬም ጎብኚ ይስባል። ሲዲ የሚባሉት ትውልደ አፍሪካውያን አሁንም በህንድ ግዛቶች በጉጃራትና በካርናታካ ይኖራሉ። ማይሶርም የካርናታካ ከተማ ናት።

በሃያኛው መቶ ዘመን ጉዞው ተገለበጠ፤ መምህሩ ወደ እኛ መጣ። የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም አሠልጣኞቹ ህንዳውያን መኮንኖች ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን፣ በተለይም የኬረላ ሰዎች፣ ተሠማሩ። ከነዚህ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጣው ወጣት ፖል ቨርጊስ አማርኛ ለመደ፤ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆነ። ወደ አገሩ ተመልሶ ጳውሎስ ማር ግሬጎሪዮስ ተብሎ የደልሂ ሊቀ ጳጳስ እስከ መሆን ደረሰ። እሱ እኛን ተምሮ ነው የሄደው።

ኮልፌም እንግዳ ተማሪ አስተናግዳለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ፣ በፈጥኖ ደራሹ ጦር ሰፈር ነው። ስድስት ወር ይቆያሉ ተብሎ ሁለት ወር ሳይሞላ ተጠርተው ተመለሱ። በግለ ታሪካቸው ግን የተኩስ ልምምዱን ብቻ አልጻፉም፤ ያሠለጠኗቸውን ሰዎች፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩን ጭምር፣ በስም አንሥተዋል።

ወደ ዮጋው ልመለስ። ዛሬ በዓለም የተሰራጨው የዮጋ ልምምድ ብዙው የሚመዘዘው ከማይሶር ነው። የዮጋ መምህሩ ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ ነበር፤ ዮጋን በዓለም ያሰራጩት ፓታብሂ ጆይስና አዬንጋር የእሳቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። በአውሮፓዋ ሪጋ ከተማ የተወለደችው ኢንድራ ዴቪ ክሪሽናማቻርያን ልማር ስትላቸው መጀመሪያ እምቢ አሏት፤ ሴት ናት፣ የውጭ ሰው ናት። የማይሶሩ ንጉሥ፣ ማሃራጃው፣ አማልደው ነው የተቀበሏት። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ሰኔ 14ን የዮጋ ቀን ሲያደርገው፣ ያ በር ለሁሉም የተከፈተ መሰለ።

እዚህ ሰፈር ስለ ዮጋ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዮጋ ከህንድ እምነቶች ውስጥ የበቀለ ነው፤ የጥንቱ የዮጋ ሊቅ ፓታንጃሊ ከዘረዘራቸው ስምንት ክፍሎች የአካል አቀማመጡ አንዱ ብቻ ነው። ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፎ የሚያነጋ ደብተራ፣ በሰሙነ ሕማማት የሚሰግድ ምዕመን፣ በአምስቱ የቀን ሶላቶች ሱጁድ የሚወርድ ሙስሊም፣ ሰውነትና ጸሎት እንደማይለያዩ ከማንም አይማርም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚተው ቀድሞ ይወስን፤ ከዚያ ሳይፈራ ይሂድ። የጎረቤቴ ልጅ ጾሟን ሳትሽር ሄዳ ጾሟን ሳትሽር ነው የተመለሰችው፤ ያጾማትም የማይሶሯ እመቤት ምግብ ነው።

ህንዳውያን መምህራን ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ። አሁን በእነሱ ክፍል የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ እኔ ያላደረግሁትን አድርጉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ቀርባችሁ የተወለዱበትን ከተማ ስም ጠይቋቸው፤ በዓል ሲመጣም ቤታችሁ ጥሯቸው።