ኦሳሙ ዴዛኪ

ኦሳሙ ዴዛኪ (ኖቬምበር 18 ቀን 1943 – ኤፕሪል 17 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ዳይሬክተርና የስቶሪቦርድ ሠዓሊ ነበር። በጥቂት ሥዕል ብርቱ ስሜት የሚፈጥርበት ስልቱ በኋለኞቹ የአኒሜ ሥራዎች ላይ ጉልህ አሻራ ጥሏል።

የሥራ ሕይወት

ቶኪዮ የተወለደው ዴዛኪ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) አሳትሟል። በ1963 ኦሳሙ ቴዙካ ባቋቋመው የአኒሜ ስቱዲዮ ሙሺ ፕሮዳክሽን ተቀጥሮ በ«አስትሮ ቦይ» ተከታታይ ላይ ሠራ፤ እዚያው የክፍል ዳይሬክተር ሆነ። የክፍል ዳይሬክተር በየሳምንቱ ከሚተላለፈው ተከታታይ አንዱን ክፍል ተረክቦ ዝግጅቱን የሚመራ ባለሙያ ነው።

ተከታታይን በዋና ዳይሬክተርነት መምራት የጀመረው በ1970፣ የአንድን ቦክሰኛ ሕይወት በሚተርከው «አሺታ ኖ ጆ» ነው። በ1972 ከማሳኦ ማሩያማ፣ ከሪንታሮና ከዮሺያኪ ካዋጂሪ ጋር ማድሃውስ የተባለውን ስቱዲዮ መሠረተ። የቴኒስ ተጫዋቾችን ታሪክ የያዘውን «ኤስ ኦ ኔራኤ!» በ1973፣ ከሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ልብ ወለድ የተወሰደውን «ታካራጂማ» በ1978 አዘጋጀ። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት ባሉት ዓመታት የሚጀምረውን «የቬርሳይ ጽጌረዳ» (1979–1980) ደግሞ ከታዳኦ ናጋሃማ ተረክቦ ከ19ኛው ክፍል እስከ ፍጻሜው መርቶታል። በአብዛኞቹ ሥራዎቹ ገጸ ባሕርያቱን የነደፈለት አኪዮ ሱጊኖ ነው።

ስልት

ስቶሪቦርድ እያንዳንዱ ትዕይንት ከየት አቅጣጫ እንደሚታይና ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚወሰንበት ንድፍ ነው። ዴዛኪ ስቶሪቦርዱን ራሱ ይሥል ነበር፤ ሳኪ ማኩራ በሚል የብዕር ስምም ሠርቷል። የቴሌቪዥን አኒሜ ጊዜውም ገንዘቡም ውስን በመሆኑ የሥዕሉ ብዛት መቀነስ ነበረበት። ዴዛኪ ይህን እጥረት ከመሸፋፈን ይልቅ የትረካው መሣሪያ አደረገው። ወሳኝ ቅጽበት ላይ ሲደርስ እንቅስቃሴውን ገትቶ ምስሉን በእጅ ወደተቀባ ሥዕል ይለውጠዋል። አንድን የካሜራ እንቅስቃሴ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የድንጋጤን ክብደት ያሳያል። ስክሪኑን ከፋፍሎ የተለያዩ ፊቶችን ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ከሥዕሉ ጀርባ በሚበራ መብራትም የፀሐይንና የውኃን ነጸብራቅ ይፈጥራል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1983 «ጎልጎ 13»ን ለሲኒማ ሠራ፤ ይህ ፊልም በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎችን ቀድመው ከተጠቀሙ የአኒሜ ፊልሞች አንዱ ነው። በ2009 ጥንታዊውን የጃፓን ልብ ወለድ «የገንጂ ታሪክ»ን ለቴሌቪዥን ካዘጋጀ በኋላ፣ በ2011 በሳንባ ካንሰር በ67 ዓመቱ ሞተ።