የናኖ ካቶዶች በውኃ በሚሠሩ ዚንክ-አዮን ባትሪዎች

በውኃ የሚሠራ ዚንክ-አዮን ባትሪ አኖዱ የዚንክ ብረት፣ ኤሌክትሮላይቱ በውኃ የሟሟ የዚንክ ጨው የሆነ፣ ደጋግሞ የሚሞላ ባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪዎች ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሌለበት የእሳት ሥጋቱ አነስተኛ ነው፤ ዚንክም ርካሽ ነው። ጣጣው በአብዛኛው ካቶዱ ዘንድ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ወደ ካቶዱ የሚገባው የዚንክ አዮን ድርብ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለተሸከመ በጠጣር ውስጥ የሚጓዘው እየተጎተተ ነው። ርቀቱ በአሥር እጅ ቢያጥር የጉዞው ጊዜ በመቶ እጅ ገደማ ያጥራል። ካቶዱን በናኖሜትር በሚለኩ ክሮችና ቅንጣቶች መሥራት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከካቶድ ቁሶች ብዙ የተጠናው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ በተለምዶ የባትሪ ድንጋይ በምንለው ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ዋና ክፍል። አልፋ የተባለው ዓይነቱ ክሪስታሉ ውስጥ ለውስጥ ቦዮች አሉት። ችግሩ ማንጋኒዙ ቀስ በቀስ በውኃው መሟሟቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮላይቱ ላይ አስቀድመው የማንጋኒዝ ጨው ጨመሩ፤ የናኖ ክሮቹ ካቶድም ከ5,000 ዙር በኋላ 92 በመቶ አቅሙን ይዞ ቆየ። ይበልጥ ያነጋገረው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ዋነኛውን ሥራ የሚሠራው ዚንክ ሳይሆን ከውኃው የሚመጣው የሃይድሮጅን አዮን ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

በዚያው ዓመት በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው የሊንዳ ናዛር ቡድን የቫናዲየም ኦክሳይድ ናኖ ሪባኖችን አቀረበ። በንብርብሮቹ መካከል ያሉት ዚንክና ውኃ መዋቅሩን እንደ ምሰሶ ይደግፋሉ። አቅሙ በግራም 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል ነው፤ ቮልቴጁ ግን ከማንጋኒዙ ያነሰ ነው። ከዚንክ ውጭ ባለው መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ላይ የተሠራው የመዳብ ሄክሳሳያኖፌሬት፣ የታዋቂው ሰማያዊ ቀለም የፕሩሺያን ብሉ ዘመድ፣ ፖታሲየም አዮን እያስገባና እያስወጣ 40,000 ዙር ዘልቋል፤ የሚይዘው አቅም ግን ትንሽ ነው።

ናኖነት ዋጋ ያስከፍላል። ገጹ የሰፋ ቅንጣት ለውኃ ይበልጥ ይጋለጣል፣ ቶሎም ይሟሟል። ዱቄቱም ሲታጨቅ ባዶ ቦታ ስለሚበዛበት፣ በላቦራቶሪ ስስ ካቶድ ላይ የተገኘ አኃዝ ወፍራም ካቶድ ለሚፈልግ ፋብሪካ ብዙም አይነግረውም። የናኖ ክሮችን በማይክሮሜትር ወደሚለኩ እንክብሎች መጠቅለል ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ ነው።