ዕውቀት ቤዛ በሆነበት ጊዜ፦ የዕዳ ኃላፊነትና የአከፋፈሉ መንገዶች

በእስልምና ሕግ ዕዳ በተበዳሪው ላይ የሚጸና የግል ኃላፊነት ነው። ሞት እንኳ አይሽረውም፤ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳ ይከፈላል። ነብዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ዕዳ ኖሮበት መክፈያ ሳይተው በሞተ ሰው ላይ ከመስገድ እንደተቆጠቡ፣ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን በኃላፊነት ሲረከብ ግን እንደሰገዱበት በሐዲስ ተዘግቧል። ግዴታው ይህን ያህል ጥብቅ ቢሆንም፣ የመወጫው መንገድ ግን አንድ ብቻ አልነበረም።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ የመካ ምርኮኞች እንደየአቅማቸው እስከ 4000 ድርሃም ቤዛ ተጠየቁ። ገንዘብ የሌላቸው ነገር ግን ጽሕፈት የሚያውቁት እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ተደረገ። ኢብን ሰዕድ እንደዘገበው፣ በዚህ መንገድ ጽሕፈት ከተማሩት አንዱ ዘይድ ኢብን ሣቢት ነበር፤ ኋላ በአቡበክር ዘመን ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰቡ ሥራ የተጣለው በእርሱ ላይ ነው። በብር ቢከፈል ኖሮ ተመንዝሮ ያልቅ የነበረው ቤዛ በትውልድ ላይ ተቀመጠ።

ሃይማኖትን ፍለጋ ከፋርስ ተነሥቶ በባርነት መዲና የደረሰው ሰልማን አል-ፋሪሲ ደግሞ ነጻ ለመውጣት 300 የተምር ችግኝና 40 ወቄት ወርቅ ሊከፍል ተዋዋለ። ሶሓቦች 30ም፣ 20ም፣ 10ም ችግኝ እንደየአቅማቸው አዋጡለት። ጉድጓዱን እንዲቆፍር የታዘዘው ግን ሰልማን ነበር፤ ባልደረቦቹም በቁፋሮው አገዙት። እገዛው ኃላፊነቱን አልወሰደበትም፤ እንዲወጣው አስቻለው እንጂ።

ቁርኣን ለተቸገረ ተበዳሪ እስኪቃናለት ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል (2፡280)፤ ባለ ዕዳዎችንም ከዘካ ተቀባዮች ይቆጥራል (9፡60)። በአንጻሩ እየቻለ የሚያዘገይ ሰው በደለኛ ነው።

በኢትዮጵያ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ምሩቁ ድርሻውን ከገቢው ላይ በየወሩ እንዲከፍል ያደርጋል፤ በመምህርነት ለሚሠማራ ደግሞ በአገልግሎት የመክፈልን በር ከፍቷል። የበድር ቤዛ ብድር ስላልነበረ ለዚህ ሥርዓት የቂያስ መሠረት አይሆንም። የሚያስተምረን ግን አለ፤ ማስተማር የዕዳ ማምለጫ ሳይሆን ሙሉ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ በእርግጥ ጽሕፈት እስካወቁ ድረስ።

ስለዚህ ሥራ ላጣ ምሩቅ ጊዜ መስጠት ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው። ደመወዝ እያገኘ ዕዳውን የሚሸሽ ግን መንግሥትን ብቻ አይበድልም፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሳይልክ ግብር የከፈለውን ገበሬም፣ ነገ በዚያው ወንበር ሊቀመጥ ተራውን የሚጠብቀውን ተማሪም ይበድላል።