ስለ ውጅግራ ጥይትና ስለ ድምፅ ፍጥነት፤ ከአምባሰል ደጋ እስከ ቆላው

አምባሰል በጠመንጃ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣው በአደን ሳይሆን በውል ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉበት ውጫሌ ከሐይቅ በስተ ሰሜን በዚሁ ምድር ይገኛል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ዐሥራ ሰባተኛውን ክፍል ነው፤ ነገር ግን በዚያው ውል ጠመንጃና ጥይት በምጽዋ በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ቃል ነበረበት። ከዚያም አስቀድሞ፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ወታደሮች ስናድር ተኩሰው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በአዳኝ እጅ ብዙ የቈየው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የተወሰደ ሲሆን፥ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፥ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር የሆነ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስለ ያዘ፥ አሮጌው በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጐረፈ።

የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምፅ በለዘብተኛ አየር በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፥ ጥይቱ ከድምፅ ቀድሞ ይነሣል፤ ነገር ግን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከድምፅ በታች ይወርዳል። ከፍታ የድምፅን ፍጥነት በራሱ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። ውርጭ በያዘ የአምባሰል ማለዳ ድምፅ ወደ 331 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ በሚወረድበት በቀትር ሐሩር 350 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በሰከንድ 340 ሜትር የሚሄድ አንድ ጥይት በደጋው ከድምፅ ይቀድማል፥ በቆላው ከድምፅ ይዘገያል።

ይህ ጉዳይ ለአዳኝ የቃል ክርክር ብቻ አልነበረም። ጥይት ውድ ነበረ፤ በብዙ አገር እንደ ገንዘብ ለመልስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ቀለሁ አይጣልም፤ ከድኝ፥ ከከሰልና ከመሬት ጨው በሀገር ቤት በተወቀጠ ባሩድ ዳግመኛ ይሞላል። እንዲህ ያለው ባሩድ ከፋብሪካው የደከመ ሲሆን፥ ጥይቱ ገና ከአፈሙዝ ሲወጣ ከድምፅ በታች ሊሆን ይችላል። ዛሬ በውጭ አገር ድምፅ ማፈኛ የሚጠቀሙ አዳኞች ሆን ብለው የሚገዙትን ዘገምተኛ ጥይት፥ የኢትዮጵያ አዳኝ ከችግር የተነሣ አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ጥይቱ በአየር ላይ አይጮኽም፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚወድቅ ተኳሹ ርቀቱን በዓይኑ መመተር ግድ ይሆንበታል፤ ጢሱም የተኰሰበትን ስፍራ ያጋልጣል።

ለቤልና ሞዜር ከመጡ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጢስ አልባው ባሩድ ጥይቱን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ይሰድደዋል፤ ጥይቱ ቀድሞ ይደርስና የተኩሱ ድምፅ ኋላ ይከተላል። በመካከሉም እንደ ጅራፍ ያለ ጩኸት ይሰማል፤ ይህ የጥይቱ የራሱ ነው እንጂ የአፈሙዙ አይደለም። አውሬው የሚሰማው ይህ ጩኸት ከየት እንደ ተነሣ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ቀጭኑ ጥይት ግን ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። በአደን ወግ ግዳዩ መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ሎቲ ለማሰርና ዝራፍ ለማለት የሚሻ ሰው የከባዱን እርሳስ ሰፊ ቍስል ቢመርጥ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ምርጫው በክብደት ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ቤል፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በምዕራብ ኢትዮጵያም ያደነው፥ ብዙ ዝሆን የገደለው በ7 ሚሊሜትር ሞዜር ነው። እርሱ ይመካ የነበረው በጥይቱ ጠንካራ ልባስና በአነጣጠሩ ነበረ። ሁለት ወይም ሦስት ጥይት ብቻ በዝናሩ የያዘ የወሎ ገበሬ ግን ለልምምድ የሚተኩሰው ትርፍ አልነበረውም፤ ስለዚህ እስከ ሠላሳና አርባ እርምጃ ድረስ ተጠግቶ ይተኩስ ነበር። በዚያ ርቀት ደግሞ ጥይቱ ከድምፅ ቢቀድምም ቢዘገይም ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው።