የሐረር ጥንታዊ መቃብሮችና እድሳታቸው

ጥንታዊቷ ሐረር ብዙዎቹን አባቶቿን ያሳረፈችው በመኖሪያ ቤቶቿ መካከል ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ባለ ግንብ ከተማ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መዘከሪያ ሥፍራዎች እንዳሏት በመዝገቡ ተመልክቷል። ሐረሪዎች እነዚህን ሥፍራዎች «አዋች» ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም «አባቶች» ማለት ነው።

ከእነዚህም አንዱ የአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መቃብር ነው። አሚሩ ዐፄ ገላውዴዎስ በወደቁበት በ1551 ዓ.ም. ጦርነት ድል ያደረጉ፣ ከተማዋንም በጀጎል ግንብ ያጠሩ ገዥ ናቸው። ይሁን እንጂ ከጦር የከለለው ግንብ ከወረርሽኝ አላዳነም፤ ከረኃብ በኋላ በከተማዋ የገባው በሽታ አሚሩንም ገደለ።

ባለ ጉልላቱ መቃብር ለዘመናችን የደረሰው ግን በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። «ሙሪድ» የተባለው የአዋች ጠባቂ ሥፍራውን ያጸዳል፣ ለዚያራ የሚመጣውን ይቀበላል፣ የአባቶችንም ታሪክ ለተተኪው ያወርሳል። መቃብሩ የሚታደሰው የሚጎበኘው ሕዝብ ስላለው ነው።

የግንባታ ባለሙያው ኃላፊነትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ የሳበውን እርጥበት መልሶ ያተናል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ግድግዳውን ይሸረሽረዋል። ስለሆነም ለዓይን ያማረ እድሳት የነገ ፍርስራሽ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሙሪዱ የአባቶችን ታሪክ እንደሚያወርስ ሁሉ፣ ግንበኛውም የኖራን ጠባይ ለተተኪው ሊያወርስ ይገባል።