በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ልጅ

ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ሜክሲኮ፣ መርካቶ ወይም ቦሌ መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ ሕንጻው ጸጥ ይላል። አንዳንድ ቀን ግን ከአንዱ በር ጀርባ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ውስጥ ያለው የ3 ዓመት ልጅ ነው። አንዳንዴ የ6 ዓመት እኅቱ "ጠባቂ" ተብላ አብራው ትውላለች። ምሳቸው በሰሃን ተከድኗል፤ ቴሌቪዥኑ በርቷል።

እንዲህ ያለ ቤት ለቡ ብቻ አይደለም ያለው። ጀሞም፣ ገላንም፣ የካ አባዶም አለ። ነገሩ በተሰማ ቁጥር የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄም በየሰፈሩ አንድ ነው፤ "ምን ዓይነት እናት ናት?"

ጥያቄው ሁለት ነገር ይዘላል። አንደኛ አባትን ይዘላል። ሁለተኛ ታሪክን ይዘላል። በአዲስ አበባ አንድ ሕፃን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን የሚውልበት ሁኔታ በአንድ ጀምበር አልመጣም። ልጁን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎችና ተቋማት በየተራ ተነሥተዋል፤ አንዱ ሲነሣ የሚተካው ሌላ አልተዘጋጀም። በመጨረሻ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው።

*ግቢው*

የኢትዮጵያ እናት ሥራ ፈትታ ቤት የምትውልበት ዘመን ኖሮ አያውቅም። ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታርማለች፣ ገበያ ትወጣለች። ሕፃኑ ወይ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ወይ አያቱ ዘንድ ነው፣ ወይ ታላቅ እኅቱ አዝላዋለች። በድሮዋ አዲስ አበባ ደግሞ ግቢ የሚባል ነገር ነበር። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አምስት ስድስት አባወራ። አንዷ ገበያ ስትሄድ ሌላዋ እንጀራ ትጋግራለች፤ የምትጋግረዋ ዐይን የሁሉንም ልጆች ያያል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው አባባል ስለ ደግነት ብቻ የተነገረ አይደለም። ከእንዲህ ያለ አኗኗር የወጣ የኑሮ ስሌት ነው።

ይህን ዘመን እንደ ገነት መሳል አይገባም። ያኔም ምድጃ ላይ የወደቀ ልጅ ነበር፤ ጉድጓድ የገባም ነበር። ጥበቃውም ነጻ አልነበረም። ዋጋውን የከፈለችው ወንድሟን አዝላ ከትምህርት ገበታ የቀረችው ልጅ ናት። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚባለውም ያኔ ነው። ሲታይ ግን ልጁ ያደገው በዕድሉ ሳይሆን በእኅቱ ጀርባ ላይ ነው። የግቢው በጎ ነገር አንድ ነበር፤ ልጅ ብቻውን ሊሆን አይችልም ነበር። ቢያለቅስ የሚሰማ፣ ቢወድቅ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም።

*ባቡሩና ቀበሌው*

የኢትዮጵያ ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሥራ የመጡ ፈረንሳውያን ለልጆቻቸው የከፈቱት ነው ይባላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ትምህርት አለው። ሰውን ከዘመዱ አርቆ ሥራ የሚያሰማራ ድርጅት "ልጁን ማን ይይዝለታል?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያን ጊዜ የተጠየቀው ለፈረንሳዩ ልጅ ነው። ሐዲድ ለሚያነጥፈው የቀን ሠራተኛ ልጅ የታሰበ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም፣ አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሲመረቅ የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ሆነ። ባቡሩ ተቀይሯል፤ ጥያቄው ግን አሁንም ለሁሉም እኩል አይጠየቅም።

በንጉሡ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት የጥቂት ደኅና ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ነገር ሆኖ ቆየ። የተለወጠው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47/1967 የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ቀበሌ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው የኅብረት ሱቁን፣ የፍርድ ሸንጎውንና መታወቂያውን ነው። መዋዕለ ሕፃናት መክፈቱ ብዙ አይነገርም። በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ በአነስተኛ ክፍያ፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚሆን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዙ ሰፈር ታየ። ዛሬ ዕድሜያቸው 40ዎቹን ያለፈ ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው።

ደርግ ይህን ያደረገው ለልጅ አዝኖ ብቻ አልነበረም። ሴቷ ለሥራና ለስብሰባ እንድትወጣ፣ ልጁም ከትንሽነቱ በአብዮቱ እንዲቀረጽ ይፈልግ ነበር። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ አባትን ከቤት ወስዶ ልጅን ያለ አሳዳጊ ያስቀረውም ያው ቀበሌ መሆኑ ነው። በሶማሊያ ጦርነት የወደቁ ወታደሮች ልጆች ደግሞ በአላጌ በተቋቋመው ሕፃናት አምባ ተሰበሰቡ። መንግሥት በአንድ እጁ ወላጅ ይወስዳል፤ በሌላ እጁ ልጅ ያሳድጋል። ይህን ሁሉ ይዞም ቢሆን ዘመኑ አንድ መርሕ ትቶ አልፏል፤ የሰፈር ልጅ ጥበቃ የሰፈሩ የጋራ ጉዳይ ነው የሚል።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ መርሑ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ተቀበረ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመዋዕለ ሕፃናት ዕውቅና ሰጠ፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተተወ። መንግሥት ጉልበቱን ያዋለው አንደኛ ደረጃ ትምህርትን በማስፋፋት ላይ ነበር፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው። በከተማ ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። የመዋዕለ ሕፃናትን በር የሚከፍተው ወርኃዊ ክፍያ ሆነ።

*ኮንዶሚኒየሙ*

በ1996 እና 97 ዓ.ም አካባቢ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ተጀመረ። በቆርቆሮና በጭቃ ቤት ለኖረ ሰው የራሱ መጸዳጃ ቤትና የራሱ ወጥ ቤት ያለው ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ፎቁ ግቢውን ደረጃ አደረገው። ግቢ ውስጥ ሰው ይቀመጣል፤ በደረጃ ላይ ሰው ያልፋል። ዕጣ የደረሰው ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ተከራዩም ኪራይ በተጨመረበት ጊዜ ይለቃል። በየዓመቱ ጎረቤት በሚቀየርበት ብሎክ ልጅን "ተመልከቺልኝ" ብሎ ቁልፍ የሚሰጡት ሰው ከየት ይመጣል?

በዚህ ላይ ርቀቱ አለ። የመሀል ከተማ ሰፈሮች በልማት ሲነሡ ነዋሪው ወደ ዳር ሄደ፤ ሥራው ግን መሀል ቀረ። ካዛንቺስ ሳለች በ15 ደቂቃ እግር መንገድ ቤቷ ትመለስ የነበረች እናት ከዳር ሰፈር ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ ልጇን አይታ መመለስ አትችልም።

ክፍተቱን ለተወሰነ ጊዜ የሞላችው የቤት ሠራተኛ ናት። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ራሷም ልጅ የሆነች። የከተማው መካከለኛ መደብ ቢሮ የገባው በእሷ ትከሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ የእሷን የሥራ ሁኔታ ሌላ ደንብ ይወስነዋል ብሎ አልፏታል። ከጊዜ በኋላ ወደ ዐረብ አገር የሚወስደው መንገድ ተከፈተ፤ መንግሥት በ2006 ዓ.ም ጉዞውን ለዓመታት ቢያግድም ፍሰቱ አልቆመም። በመሀሉ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከዝቅተኛ ተቀጣሪ አቅም በላይ ወጣ። አንድ መኝታ ቤት ባለው ቤት ውስጥ የምታድርበትም ቦታ የለም። ቤይሩት የሰው ልጅ የምታሳድገው ወጣት የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ ሄዳለች። አዲስ አበባ ላይ የተቆለፈው በርና ገጠር ያለ እናት የቀረው ሕፃን የአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ናቸው።

*ሕጉ የሚያየውና የማያየው*

ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን የወላጆቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ያንገላታ፣ ችላ ያለ ወይም የደበደበ ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። በልጁ ጤና ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከፍ ይላል። አንቀጽ 659 ደግሞ ግዴታውን ጥሎ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወላጅን ይመለከታል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ተገቢ ናቸው። ወላጅን እንጂ ክፍተቱን ግን አያዩም። ክፍተቱ በቁጥር ሊነገር ይችላል። በ1156/2011 አዋጅ መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኛለች፤ አባት 3 ቀን። መዋዕለ ሕፃናት በተለምዶ የሚቀበለው 4 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ነው። ከ3 ወር እስከ 4 ዓመት ያለው ጊዜ፣ ልጅ ከምንም ጊዜ ይበልጥ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ፣ ለማን ተሰጠ? አያት ላለው ለአያት፣ ገንዘብ ላለው ለሠራተኛ። ሁለቱም ለሌለው ለቁልፍ። ደመወዝ በወር የማይከፈላት፣ ጉሊት የምትቸረችር ወይም በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ እናት ደግሞ 90 ቀኑም የላትም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ እውነት ለትልልቆቹ ልጆችም ተገለጠ። ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ብቻ አይደለም፤ የከተማዋ ትልቁ ልጅ ጠባቂ ነው። ሲዘጋ ወላጅ ወይ ሥራውን ወይ ልጁን መተው ነበረበት።

*ሌላው ዓለም*

ይህ የአበሻ እናት የፈጠረችው ችግር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ወንዶቿን ወደ ግንባር፣ ሴቶቿን ወደ ፋብሪካ ስትልክ የቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ በየከተማው ታየ። መጀመሪያ የተወቀሱት እናቶች ነበሩ። ወቀሳው ግን አውሮፕላን አይሠራም። ስለዚህ መንግሥት ገንዘብ መድቦ የሕፃናት ማቆያዎችን ከፈተ፤ በአንድ ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያቆዩ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1946 እ.ኤ.አ ድጋፉ ተቋረጠ፤ ቁልፍ ያንጠለጠለውም ልጅ ተመለሰ። እናቶቹ በ1943 ክፉ፣ በ1944 ደግ፣ በ1946 እንደገና ክፉ አልሆኑም። የተለወጠው ማቆያው ነው።

*ታዲያ ቸልተኛ ወላጅ የለም?*

አለ። ልጁን ቆልፎ ጫት ቤት የሚውል አባት አለ። ልጆቿን ትታ ሌሊቱን ውጭ የምታድር እናት አለች። ይህን "የኑሮ ውድነት ነው" ብሎ መሸፈን በልጁ ላይ ሁለተኛ በደል መፈጸም ነው። የተቆለፈ ቤት ውስጥ ከሰል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በርሜል ውኃና በረንዳ አለ። ለእነዚህ የወላጁ ምክንያት ለውጥ አያመጣም።

ነገር ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንዷ ምርጫ አጥታ ትቆልፋለች፤ ሌላው ምርጫ እያለው ይቆልፋል። የመጀመሪያዋን በእስር ማስፈራራት ልጁን ብቻውን ከመዋል ወደ ብቻውን ማደር ያሸጋግረዋል። ሁለተኛውን ደግሞ "የሰው ቤት ነው" ብሎ ማለፍ ነገ ለቅሶ መድረስን ያመጣል። ልዩነቱን የሚያውቀው ከቢሮ የሚመጣ ሰው አይደለም፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። ድምፁን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቁ በፊት ማታ በሩን አንኳኩቶ "ልጁ ቀን ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፤ ምን ላግዝ?" ማለት ይችላል። መልሱ ስድብ ከሆነ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ መሄድ ነገረኝነት አይደለም።

መንግሥትም ከባዶ አይጀምርም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ ያደረጉት አሉ። የከተማ አስተዳደሩም በቅርብ ዓመታት የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ጀምሯል፤ ቤት ለቤት የሚሄዱ ባለሙያዎችና የሕፃናት ማቆያዎች የፕሮግራሙ አካል ናቸው። ጥሩ ጅምር ነው። ይሁንና የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ማቆያ የሚኒስቴሩን ሠራተኛ ልጅ ይይዛል። የጉሊቷን ልጅ የሚይዘው ሰፈር ውስጥ ያለ ማቆያ ብቻ ነው።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ቦታ አለ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲነደፉ ነዋሪው በዓል እንደሚያከብር፣ በግ እንደሚያርድ፣ ልብስ እንደሚያጥብ፣ እንጀራ እንደሚጋግር ታስቦ "ኮሚናል" የሚባሉ የጋራ ሕንጻዎች ተሠርተዋል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች የኢትዮጵያዊን ኑሮ በደንብ ያውቁ ነበር። በግ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ይታረዳል። ልጅ ግን በየቀኑ ጠባቂ ይፈልጋል። ዛሬ ከነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ መጋዘን፣ አንዳንዶቹ ሱቅ ሆነው ተከራይተዋል። የአንድ ሳይት ኮሚቴ ከኮሚናሉ አንድ ክፍል ቢያስለቅቅ፣ ወላጆች በወር የአቅማቸውን ቢያዋጡ፣ ወረዳው ሁለት የሠለጠኑ ሞግዚቶችን ቢመድብ፣ ለብዙ ልጆች በሩ ከውጭ መቆለፉ ይቀራል። ወጪው ከብዙ ብሎኮች የጥበቃና የአጥር ወጪ ብዙም የሚርቅ አይሆንም። መኪና ጠባቂ ቀጥሮ ልጅ ጠባቂ ያልቀጠረ ሰፈር "ምን ዓይነት እናት ናት?" ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሊመልሰው የሚገባ የራሱ ጥያቄ አለበት።